የዐሥር ዓመት ጥላ በስምንት ወር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ መርዶ አለኝና ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። አምና በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ከላክሽልኝ የሱፍ ካልሲ የግራ እግሩ፣ ባደረበት የመሳሳት ሕመም በመርፌና በክር ሲረዳ ቆይቶ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሥራ ገበታው ላይ እንዳለ ተረከዙ ወጥቶ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ዝምተኛ፣ ታታሪና በተገኘበት ስብሰባ ሁሉ መኖሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነበር። የቀኙ መንትያው በሕይወት አለ፤ ግን ብቻውን የት ይሄዳል? ለሐዘንተኞች ሁሉ መጽናናትን እየተመኘሁ ወደ ሰላምታዬ አልፋለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮኻል? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ቤቱን ሙሉ ስትፈልጊው የምትውዪው ነገር ቀረ? ባልሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? አክስቴስ፣ ጤናዋንም ቁጣዋንም እንደያዘች ናት? ቤቱስ፣ ጣሪያውስ፣ ጎረቤቱስ? ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁ እኔም ከደህናዎቹ ጎን እቆማለሁ። ብቻዬን ደህና መሆን ሞክሬው አልሆነልኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ድምፄን ገና ስትሰሚው ‘አንተ፣ ምን ሆነሃል?’ ትያለሽ፤ እኔም እንደ ልጅነቴ እዘረግፈዋለሁ፣ እንደ ልጅነቴም አለቅሳለሁ፣ አጠገቤ ያለው የሲሚንቶ ሠራተኛም ለሳምንት መሳቂያ ያደርገኛል። ወረቀት ግን ሰው አያቋርጥም። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ጋሼ ቅዳሜ በአውቶቡስ ቤት ይገባሉ። ደብዳቤውን ነገ ሐሙስ ወደ እናንተ በሚወርደው ሹፌር እጅ ስለምልከው አርብ ይደርስሻል። እሳቸው ሳይደርሱ አንብበሽ ጨርሺው፤ ከጨረስሽም በኋላ ጋሼ እጃቸውን የማይሰዱበት ቦታ ደብቂው።

አመጣጣቸውን ታስታውሻለሽ። እናታችን ስታልፍ ‘የእህቴ ልጆች ሜዳ ላይ አይወድቁም’ ብለው፣ አንቺን በአንድ እጃቸው እኔን በሌላው ይዘው ያሳደጉን አጎት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ አፈር ሲያላምዱ ኖረው ጡረታ በወጡ በሁለት ወራቸው ቤቱን አስጨነቁት። ልብስ ማስጫ ገመድሽን እያላሉ ያጠብቁታል፣ እያጠበቁ ያላሉታል። እኔ ይህን ሥራ አግኝቼ ልሰናበትሽ ስመጣ ‘ይዘሃቸው ሂድ፤ እሳቸውም አፈራቸውን ያግኙ፣ እኔም ገመዴን’ አልሽኝ። እኔም ደስ እያለኝ ይዣቸው መጣሁ። ለአለቆቼ ሳስተዋውቃቸው ‘በአገሩ ላይ የቆመ ጥላ ሁሉ ግማሹ የእሳቸው እጅ ነው’ አልኩ። ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግማሹ ሳይሆን ሲሶው ነው።

ሥራው የመዝናኛ ፓርክ ነው። ሁሉ ነገሩ የተረት እንስሳት ነው፤ የሚጋጨው መኪና ጅብ፣ የሚንሳፈፈው ጀልባ ዔሊ፣ ሰው አንጠልጥሎ የሚወረውረው ነገር ደግሞ ጦጣ። እኔ ከእንስሳቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም። የእኔ ድርሻ ከአስፋልቱ እስከ ቲኬት መቁረጫው፣ ከቲኬት መቁረጫው እስከ ውስጠኛው አደባባይ ያለው መቶ ሃያ እርምጃ ነው። የመግቢያውን አትክልትና መንገድ መንደፍ ማለት ነው። አንገቴ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ ማዕረጌ ሁለት መስመር ተኩል ይይዛል። ስሜ በቀረው ግማሽ መስመር ተጨናንቆ ተቀምጧል።

እታለም፣ ንድፉን ብታዪው ትወጂው ነበር። ሰው ወደ ደስታ ሲገባ ሁሉን በአንዴ ማየት የለበትም። መንገዱን እንደ ወንዝ አጠማዘዝኩት። ግራና ቀኙ ያለው ተክል መጀመሪያ የቁርጭምጭሚት ቁመት ነው፣ ቀጥሎ የጉልበት፣ ቀጥሎ የትከሻ፣ በመጨረሻ ከራስ በላይ። ልጁ የትልቁን መንኮራኩር ድምፅ ይሰማል እንጂ አያየውም። ጩኸት ይሰማል፣ ማን እንደሚጮህ አያውቅም። የአባቱን እጅ ይጎትታል። ልክ ልቡ ጉሮሮው ላይ ስትደርስ መንገዱ ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ ቦግ! ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ ነው። ቲኬት የሚጠብቀውም ሰው ፀሐይ እንዳይፈጀው በሰልፉ መስመር ላይ ዘጠኝ ዛፎች አቆምኩ። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። እኔ ምንም ነገር የማቆመው በወረቀት ላይ ነው።

ጋሼ ፕላኑን ከመነጽራቸው በላይ አይተው ትንሽ አጉረመረሙና ጣታቸውን እንደ መንገደኛ ከበሩ አስነሥተው በመንገዱ ላይ አስኬዱት። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ‘እዚህ ጋ እኔም ደስ አለኝ’ አሉ። በትምህርት ቤትም በሥራም ብዙ ነጥብ ተሰጥቶኛል፤ እንደዚያ ያለ ነጥብ ግን አግኝቼ አላውቅም።

ከሥራው ቦታ ጀርባ ባለ ክፍት መሬት ላይ የጥላ መረብ ዘርግተው፣ አፈር ነፍተው፣ ጥቁሩን የችግኝ ከረጢት እየሞሉ አራት ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ አፈሉ። መደቦቹን በእኛ ቤት ሰው ነው የጠሯቸው። ቶሎ የሚቆጣውና ጥላ ሲያገኝ ወዲያው የሚበርደው ያንቺ መደብ ነው። ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ቅጠል እንጂ ግንድ የማያወጣው የእኔ። ምንም ቢያደርጉለት የማይደሰተው የአክስቴ ነው፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጤነኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ‘ዛሬ እህትህ ተሽሏታል’ ሲሉኝ የሚያዳምጥ ሰው ስልክ የደወልሽልኝ ይመስለው ነበር።

የፓርኩን ባለቤት ሠራተኛው የሚጠራው ‘ሞቅ ይበል’ ብሎ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ምን ብታሳዪው ‘ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ሞቅ ይበል’ ይላል። ግድግዳ ብታሳዪው ሞቅ ይበል፣ ሻይ ብትሰጪው ሞቅ ይበል። አንድ ሠራተኛ ለቀብር ፈቃድ ቢጠይቀው ማመልከቻውን መልሶ ‘ትንሽ ሞቅ አድርገህ ጻፈው’ ብሎታል እየተባለ ይወራል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት በተገላገልኩ! ክፉን ሰው መጥላት ይቻላል። እሱ ግን ትከሻሽን መታ መታ አድርጎ፣ ስለ ጤናሽ ጠይቆ፣ የሠራሽውን ሁሉ አፍርሶ ይሄዳል።

በሥሩ የመግቢያ ኮሚቴ የሚባል አለ። ባለቤቱ ሰብሳቢ ነው፤ ኢንጂነሩና የደኅንነት ኃላፊዋ አባላት ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ባለቤቱ በሩ የአንበሳ አፍ ይሁን አለ። ሰው በአንበሳ አፍ ከገባ በየት በኩል እንደሚወጣ በትሕትና ብጠይቅ ኮሚቴው አንገቱን ደፋ፤ አንበሳውም ቀረ። በስምንት ወር ያገኘሁት ድል ይህ ብቻ ስለሆነ ለጎረቤት ብትነግሪልኝ አልቀየምም።

የደኅንነት ኃላፊዋ ደግሞ ደግ ሴት ናት። ነገር ግን በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ‘የሚያደናቅፍ’ እና ‘ገና ያላደናቀፈ’ ብላ ለሁለት ከፍላዋለች። አበባ ንብ ይጠራል፣ ንብ ልጅ ይነድፋል፤ ስለዚህ አበባው ይውጣ። ቅጠል ይረግፋል፣ የረገፈ ቅጠል ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የሚረግፈው ይውጣ። ፍሬ ያለው ይበላል፣ የተበላ ሆድ ያማል፤ ይውጣ። እኔ እየሰረዝኩ አዲስ ፕላን አወጣለሁ፣ ጋሼ ደግሞ መደቡን ገልብጠው እንደ አዲስ ያፈላሉ። አንድም ቀን አላማረሩም። ‘ፕላን እንደ ሙሽራ ነው፤ ቤቱን እስኪለምድ ይነጫነጫል’ ይሉኝ ነበር። ዘጠኙን ዛፎች ግን ማንም አልነካብንም፤ እነሱ በራሳቸው አያደናቅፉም፣ ቅጠላቸውም ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢ።

በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ፕላን ማንበብ ለሁሉም ሰው አይሆንለትም፤ ስለዚህ ለባለቤቱ በቀለም ያበደ ሥዕል እንሠራለታለን። በዚያ ሥዕል ላይ ማንም ሰው ችግኝ አይሥልም። ችግኝ ሥሎ ሥራ ያገኘ ሰው እስካሁን አልተሰማም። ዛፉን ዐሥር ዓመት አሳድገን ነው የምንሥለው፤ ቅርንጫፉ ተጋጥሞ፣ ጥላው መንገዱን ሸፍኖ። ከሥሩ ፊኛ የያዘች ልጅ እናቆማለን፤ ዛፉ ዐሥር ዓመት ሲያድግ እሷ አንድ ጣት አታድግም። ይህን የሙያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለማያውቀው ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ‘ተክሉ ካደገ በኋላ’ ተብሎ ይጻፋል። እኔም ጽፌው ነበር። ጽሑፉ የልጅቷን ጫማ ሸፈነብኝ። ጫማውን ቀይ አድርጌ ስለሳልኩት አምሮኝ ነበር፤ ስለዚህ ጽሑፉን አጠፋሁት።

ለጫማ ብዬ ነው እታለም። ለተሳለ ጫማ!

ሞቅ ይበል ሥዕሉን ሲያይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ‘ሞቅ ይበል’ ሳይል ቀረ። ወዲያው አስፍቶ በቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ፣ በአስፋልቱ ዳር ደግሞ የአውቶቡስ ቁመት ያለው አንድ አሰቀለ። እኔም በየቀኑ ከሥሩ ሳልፍ ደረቴን እነፋ ነበር። የምርቃቱ ቀን አንድ ትልቅ እንግዳ በሌላ ጊዜ አይመቻቸውም ተብሎ በሁለት ወር ቀደም እንዲል ሲደረግ እንኳ አልነቃሁም። ችግኙ ለመተከል ደርሷልና ‘እንተክላለን፣ ይመረቃል፣ ያድጋል’ ብዬ አሰብኩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሞቅ ይበል ሥዕሉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ ችግኙ መጣ። ጋሼ በደስታ እጃቸውን ታጥበው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሉት። በስምንት ወር ሊያያቸው ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። እሱም ሥዕሉን በሁለት ሠራተኞች አስዘርግቶ ከመደቡ ጎን አቆመው። ሥዕሉን ያያል፣ ችግኙን ያያል። ‘ዛፎቹ የት አሉ?’ አለ። ጋሼ ወገባቸው ጋ የሚደርሱትን ዘጠኙን አሳዩት። ‘እነዚህ ናቸው፤ ከአርባው መርጬ ለይቻቸዋለሁ’ አሉት። ‘ይሄ? ይሄማ ማሰሮ ውስጥ የሚቀመጥ ነው! አባባ፣ ስምንት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?’ አለ። ‘ሳበቅል’ አሉ። ‘ታዲያ የታለ?’ ቢላቸው ‘በቅሏል፤ ገና አላደገም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ አሉት። ‘ለምርቃቱ ይደርሳል?’ አለ፣ ከምሩ ነው። ጋሼም ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩትና ‘ጌታዬ፣ ልጅ በስምንት ወሩ ይድሃል እንጂ አይዳርም’ አሉ።

ሥዕሉን የያዙት ሁለቱ ሠራተኞች ሳቁ። ሥዕሉም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ዘጠኙ ዛፎች፣ ልጅቷ፣ ፊኛዋ፣ ቀዩ ጫማ ሁሉም በሳቅ ተርገፈገፉ። ሞቅ ይበል ፊቱ ልክ እንደ ጫማው ሆነ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ አለቀ። ሰው ተሞኘሁ ብሎ ሊረሳ ይችላል፤ ተሳቀብኝ ካለ ግን ጥፋተኛ ሳያገኝ አይተኛም።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንድ እንግዳ ሰው የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ታቅፎ ገብቶ ነበር፤ ሻጭ ነው። የሚሸጠውን ዛፍ በሙሉ ቁመቱ እንደሚያቀርብ፣ እንደማይጠወልግ፣ እንደማይረግፍ፣ ንብ እንደማይጠራ ዘረዘረ። የደኅንነት ኃላፊዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሕይወቷን ሙሉ ስትፈልገው የነበረውን ፍጥረት ሻጩ እንዲህ ታቅፎላት መጣ። ኢንጂነሩ በብሎን የሚታሰር ከሆነ ግድ እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ ሞቅ ይበል ‘ጥፋቱ የማን ነው?’ ብሎ ጠየቀ። እኔም ብድግ ብዬ ‘ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፣ ሥዕሉም የእኔ ነው’ አልኩ። ግን ማን ይስማኝ! ባዶ ቤት እንደሚጮህ ሰው ሆንኩ። ቃለ ጉባኤውም ‘የችግኝ ባለሙያው በተሰጣቸው ጊዜ ተክሉን ለሚፈለገው ቁመት ለማድረስ ችሎታ ስላነሳቸው’ ብሎ ተዘጋ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ከላይ ነግሬሻለሁ። የሠላሳ አንድ ዓመት እጅ በአንድ መስመር ሲጻፍ ብዕሩ እንኳ አላነቀውም፤ ጥሩ ብዕር ነው።

ፕላስቲኩ በሁለት የጭነት መኪና መጣ፤ አንዱ መኪና የመንገዱን ግራና ቀኝ ተክል ሁሉ የሚተካ የፕላስቲክ ቁጥቋጦ ነበር። ዘጠኙም ዛፎች እንደ ጃንጥላ ተጣጥፈው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው። ኢንጂነሩ ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘርግቶ ጨረሰ። እታለም፣ መናገር የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ? ቁርጥ ሥዕሉን ነው። በሙያዬ ሥዕሌና ሥራው አንድ ሆነው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሞቅ ይበል እጄን ጨብጦ ‘ያልከውን አደረግህ!’ አለኝ። ፀሐዩ ሲበረታ ዛፎቹ የዝናብ ልብስ ሽታ ይሸታሉ እንጂ ሌላ እንከን አይወጣላቸውም። ጥላቸውም ጥላ ነው፤ ከሥሩ ስትቆሚ ግን ሙቀቱ ጭራሽ ይብሳል።

ለጋሼ አዲስ ሥራ ተሰጣቸው። ዛፎቹን አቧራ እንዳይዛቸው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ይህንንም ተቀበሉ። አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆነው አየኋቸው። አንዱን ቅጠል ገልብጠው ከሥሩ ያዩታል። ተባይ ሲፈልጉ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅጠል የያዘ ጣት ሳይገለብጥ አያልፍም። እያየኋቸው መሆኔን ሲያውቁ ‘ጤነኛ ነው፤ በሽታም ንቆታል’ አሉና ወደሚቀጥለው ቅጠል አለፉ። ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ የምገባበት ጠፋኝ።

ችግኙ የፈላበት መሬት የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ግሬደሩ ከነገ ወዲያ፣ አርብ ጠዋት ይገባል። ጋሼ ይህን እንደሰሙ ችግኙን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ለአላፊ አግዳሚው ማደል ጀመሩ። ማደል ስልሽ ዝም ብሎ አይምሰልሽ። ልጁን እንደሚድር አባት ነው የሚመረምሩት። ‘የት ትተክለዋለህ? ፀሐይ በየት በኩል ነው? ፍየል አለህ?’ ይላሉ። አንዱ ‘አላውቅም፣ አምሮኝ ነው’ ቢላቸው ‘አምሮህ ከሆነ ሥዕሉ ከፊት ለፊት አለልህ’ ብለው ባዶ እጁን ሸኙት። አንዲት ነርስ ግን የሆስፒታሉን ግቢ በእጇ አየር ላይ ሥላ ብታሳያቸው ስልሳ ችግኝ አሸክመው ሰደዷት። እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ዛሬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዳሩ። የቀረውን ቀንሰሽ ድረሺበት፤ እኔ ልቀንሰው ስጀምር እጄን ይበርደኛል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሁለት ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንደኛው ‘ግቢያችን ሲሚንቶ ነው’ አለኝ፤ ሁለተኛው በአዲሱ ዓመት እቅድ እንደሚያስገባው ቃል ገባልኝ። ማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ፤ ‘ለሚመለከተው ተመርቷል’ ተባልኩ። የሚመለከተውን ብጠይቅ እሱም ወደሚመለከተው መራኝ። ኢንጂነሩን አንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ለመንኩት። ሰው ነው፤ ሻይ ጋብዞ አዘነልኝ። ግሬደሩ ግን ከሌላ ሥራ ለአንድ ቀን የተዋሱት ስለሆነ ቅዳሜ ተመላሽ ነው። ‘ወንድሜ፣ ቢቻለኝ ኖሮ’ አለኝ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ቢቻለው ኖሮ ደግ ነው። እኔም ብሆን። ከዚህ ከመስኮቴ የጥላ መረቡ ይታየኛል፤ ጋሼ ከሥሩ ጎንበስ ብለው አርብ ለሚፈርስ መደብ ውሃ ያጠጣሉ። ወርጄ ‘ተዉት’ ልላቸው ሁለቴ ተነሥቼ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ውሃ ያጠጡ ብሎ ያዘዛቸው የለም፣ አያጠጡ ለማለትም እኔ ማን ነኝ?

የአውቶቡስ ትኬታቸውን ለአርብ ማለዳ ራሳቸው ቆርጠዋል። ግሬደሩ የሚገባበትን ሰዓት ጠይቀው፣ አንድ ሰዓት ቀደም አድርገው። ከእኔ ጋር ብዙም አያወሩም። ‘ደህና እደሩ’ ስላቸው ‘እሺ’፣ ‘ብሉ’ ስላቸው ‘እሺ’ ነው። ደክሟቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ አደራሽን። ሲገቡ ስለ ፓርኩ አትጠይቂያቸው። ‘አማረ?’ አትበያቸው፤ ‘ችግኙስ?’ ፈጽሞ አትበያቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ስምንት ወር ሙሉ ‘የጋሼን ጫካ ልናይ ነው’ ሲል ስለከረመ ያንን ምላሱን ለጥቂት ቀን በመርፌው እንዲይዝልኝ ንገሪው። ልጆቹ የመግቢያ ትኬት ቢጠይቋቸው ለሠራተኛ ቤተሰብ የተሰጠውን አራት ትኬት እኔ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ጋሼ የእሳቸውን አልወሰዱም። ቁጭ ብለው ዝም ቢሉ ዝም በዪ። ሥራ ልስጣቸው ብለሽም አትቸኩዪ፤ እዚህ የተሰጣቸው ሥራ ይበቃቸዋል። ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ነው በያቸው። ካልጠየቁ ግን አንቺም አታንሺኝ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ባለፈው የላከልኝን ቀልድ እስካሁን እየፈታሁት ነው። ለአክስቴ እጅ ነሥቼ ጉልበቷን ስሜአለሁ፤ ‘ከወረቀት ሥራ ምን ይበቅላል’ ብላኝ ነበርና ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት፣ ትክክል ነበረች። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለዳኛዋ፣ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የወንድሟን ጥርስ የነቀለችበትን ፍርድ ሰምቻለሁ። ለታናሹ ለጥርሰ ወላቃው፣ አዲሱ እስኪበቅል አይዞህ በዪልኝ፤ ለጥርስ የሚፈቀደው ጊዜ ከዛፍ ይሻላል። ለልብስ ሰፊውም ለሚስቱም፣ ግቢያችንን አቋርጦ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላም በዪልኝ። አንቺን ደግሞ ወገብሽን ሳልጫን ዐቅፌሻለሁ።

ወንድምሽ

ከፓርኩ ዋና በር አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ቢሮ
ረቡዕ፣ ሰኔ 17 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

እርማት

ከዚህ በላይ በተጻፈው ደብዳቤ ስለ ኮሚቴው ስብሰባ በሚያወሳው አንቀጽ ላይ ‘እኔም ብድግ ብዬ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፣ ሥዕሉም የእኔ ነው አልኩ’ ተብሎ የተገለጸው ትክክል ስላልሆነ፣ ‘ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስጠየቅ፣ ችግኙ ትንሽ ዘግይቷል አልኩ’ ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ‘ችሎታ ስላነሳቸው’ የሚለውም ቃል ከሰብሳቢው የመጣ ሳይሆን ከጸሐፊው የመጣ ነው። እንዲሁም ‘ደክሟቸው ይመስለኛል’ የሚለው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። እኔ በስብሰባው ላይ ያን ስናገር ጋሼ፣ ኮሚቴው ቢያየው ይረዳል ብለው፣ ከሁሉ የረዘመውን ችግኝ ከነከረጢቱ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር።